ወንድሜ ለትምህርት ቤቱ ቡድን ተመረጠ፤ ግን ቤንች ላይ ነው

የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለጎንደሬዎች። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነው። ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን ተመረጠ። የነገረን ቀን እየዘለለ ነው ቤት የገባው። እኔም ደስ አለኝ። አባታችን ግን ፊቱን አጠቆረ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ተመረጠ ስንል ተቀያሪ ሆኖ ነው። እስካሁን በተደረጉት ጨዋታዎች አንድም ደቂቃ አልገባም። ከትምህርት በኋላ እስከ 12 ሰዓት ልምምድ ይቆያል፣ ቅዳሜም ይሄዳል፣ አቧራ ለብሶ ይመጣል። የጨዋታው ቀን ቁጭ ብሎ ያያል። አባቴ «ሰው ሲጫወት ለማየት ከሆነ እዚሁ ቤት ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ይይ፣ ቢያንስ ልብሱ አይቆሽሽም» አለ። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ እንጂ አነጋገሩ እውነት አለው።

አሁን ደግሞ ታኬታ ግዙልኝ እያለ ነው። ቅዳሜ ገበያ የሰልባጁ ራሱ ዋጋው አይቀመስም። አባቴ «ለተቀመጠ ሰው ታኬታ ምን ያደርጋል?» ብሎ ዘጋው።

በትምህርት ቤት ቡድን ያለፋችሁ፣ በተለይ ኮከብ ያልነበራችሁ፣ ለእናንተ ምን ነበር? እውነቱን ንገሩኝ። ተጫዋች ሆነው ስለወጡት አትንገሩኝ፤ የእነሱን በቲቪ አየዋለሁ።


ባጃጅ 18፦

ግዙለት ባክሽ። ጫት ቤት ከሚውል ሜዳ ይዋል።


ሁለተኛው በረኛ፦

እህታለም፣ ይሄ ጥያቄ ለእኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻይኝ።

መጀመሪያ ግን ከላይ ላለው ወንድሜ አንድ ነገር ልበል። «ከጫት ቤት ይሻላል» የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። ከጫት ቤት የማይሻል ምን አለ? ኳስን ለማመስገን የግድ ከመጥፎ ነገር አጠገብ ማቆም የለብንም። ልጁ ደግሞ ጫት ቤት እንደሚሄድ የነገረን ሰው የለም።

ወደ ራሴ ልመለስ። እኔ በትምህርት ቤታችን ቡድን ሁለተኛ በረኛ ነበርኩ። ተቀያሪ አጥቂ ተስፋ አለው። ሰው ይደክማል፣ ጎል ይጠፋል፣ አሰልጣኙ ዞር ብሎ ወንበሩን ያያል። ተቀያሪ በረኛን ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የመጀመሪያው በረኛ ካልተጎዳ ወይ ቀይ ካላየ አትገቢም። እንዲጎዳ እንዳትመኚ ደግሞ ጓደኛሽ ነው፤ ከአንድ ሰፈር በአንድ ባጃጅ ነው የምትመጡት።

ታዲያ ምን እሠራ ነበር? ብዙ ነገር። ከልምምድ በፊት ከሁሉም ቀድሜ እደርስና ከትናንሾቹ ጋር ድንጋይ እለቅማለሁ። ሜዳችንን ያላየ አያምንም። በበጋ አስፋልት ነው፣ በክረምት ጭቃ፤ ድንጋዩ ግን በሁለቱም አይጠፋም። ቋሚዎቹ ባህር ዛፍ ናቸው፣ መረብ የለም። ኳሱ ከቋሚው ውስጥ ይለፍ ውጭ ይለፍ በጩኸት ነው የሚወሰነው።

ዋናው ሥራዬ ግን ኳስ ማምጣት ነበር። ጎንደርን ታውቂያታለሽ፤ ሜዳ የሚባለው ሁሉ አንድ ጎኑ ቁልቁለት ነው። የእኛም በአንዱ ጎል ጀርባ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ በታች የአንዲት ጠላ የሚጠምቁ እናት ግቢ ነበር። ኳሱ ከጎል በላይ ከሄደ እሳቸው ጋ ነው የሚያርፈው። ብቅል ያሰጡ ቀን ከሆነ ደግሞ ኳሱ ሌላ ቦታ አያውቅም፤ ቀጥ ብሎ ብቅሉ ላይ!

በመጀመሪያ ሰሞን ወርጄ በሩን ሳንኳኳ «ኳስ አላየሁም» ይሉኛል። ኳሱ ከእንስራው ጀርባ ይታየኛል። አየሁት ብል ውሸታም ማለት ይሆንብኛል። ዝም ብል ደግሞ ላይ ሆነው «ምን ሆንክ? አምጣው እንጂ!» ብለው የሚጮሁ ሃያ ልጆች አሉ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ የተበተነውን ብቅል መልቀም ጀመርኩ። አንድ አንድ ፍሬውን ከአፈር እየለየሁ፣ እፍ እያልኩ ወደ ሰሌኑ እመልሳለሁ። ትንሽ ቆመው አዩኝና ኳሱን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ካልሄድኩ ኳስ አይሰጡም። ዋናዎቹ ተጫዋቾች ሄደው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን «አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትጫወተው?» አሉኝ። እኔ እንጃ እማማ፣ አልኳቸው። «እንግዲያማ ኳሱን እዚሁ እናስቀረው፣ ሁላችሁም ተቀመጡ» ብለው ሳቁ።

ዛሬ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ሱቄ የተቆጣ ደንበኛ ገብቶ ሲጮህ ልጆቹ እኔን ነው የሚጠሩት። የት እንደለመድኩት ቢጠይቁኝ ብቅል እየለቀምኩ ነው የምላቸው።

አንድ ጨዋታ ላይ ገብቻለሁ፤ እሱንም ልንገርሽ። ከአዘዞ ከመጣ ቡድን ጋር ነበር። በረኛችን ከአጥቂያቸው ጋር ተጋጭቶ ጣቱ ወለቀ። የስፖርት ቲቸራችን ወደ ወንበሩ ዞረና «ማልያውን ተቀበለው» አለኝ። የበረኛ ማልያ ያለችን አንድ ናት። ቢጫ፣ ክርኗ ላይ የተጣፈች። ሜዳው መሀል አወለቀልኝ። በላብ ርሳ ነበር። የጎንደርን የ11 ሰዓት ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ ያቺን እርጥብ ማልያ ጀርባዬ ላይ ሳደርጋት ጥርሴ ተንገጫገጨ። ጓንቱም የግንበኛ ጓንት ነው፣ እሱንም አወለቀልኝ። በጤነኛው እጁ እየጎተተ፣ እያቃሰተ።

ከዚያ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል ስል እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎሌ ጀርባ ቆመ። ወጌሻ ጋ እንውሰድህ ቢሉት እምቢ አለ። እስኪያልቅ ድረስ ከኋላዬ ሲጮህ ነበር። «ግራ! ግራ ያዝ! አሁን ውጣበት፣ ቦታ አታስቀርለት!» ለካ እኔ ከውጭ ሆኜ እሱን ሳየው በኖርኩበት ጊዜ እሱም እኔን ያውቀኝ ኖሯል። በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ የሚመጣ ኳስ እንደሚከብደኝ ያውቃል። ኮርነር በመጣ ቁጥር «የቀኙ መጣ!» ይላል። አንድ ለአንድ ወጣን። ውጤቱን የሚያስታውስ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ነገር ስም ነው። በክፍላችን ከስልሳ በላይ ነበርን። ብቀር የሚያውቀው የክፍል አለቃው ብቻ ነው፣ እሱም ወረቀት ላይ ኤክስ ለማድረግ። ልምምድ የቀረሁ ቀን ግን ማታውኑ ቤት ድረስ መጥተው «ምን ሆነህ ነው?» ይላሉ። እናቴ መጀመሪያ ገንዘብ የተበደርኩ መስሏት ነበር።

ደግሞ የሰው ቤት ያየሁት በቡድኑ ነው። በሁዳዴ ግማሾቻችን እስከ 9 ሰዓት እህል አንቀምስም። ረመዳን ሲገባ አምበላችን ውሃ ሳይቀምስ ነው የሚውለው። ቲቸራችን ይሄን ሁሉ ያውቃል፤ በነዚያ ወራት ሩጫውን ትቶ ቆመን ኳስ እንድንቀባበል ነው የሚያደርገው። አንድ ጊዜ ከልምምድ በቀጥታ አምበላችን ቤት ለማፍጠሪያ ሄድን። ሳምቡሳው በአንድ አፍታ አለቀ። እናቱ «ይሄ ቡድን ነው ወይስ ሠራዊት?» አሉ። በጥምቀት ደግሞ እኛ ምንጣፍ ስናነጥፍ ውለን ድምፃችን ሲዘጋ ውሃ ይዞ የሚመጣው እሱ ነበር።

ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪምየር ሊግ ያደገው እኛ ትምህርት ቤት እያለን ነው። ሁላችንም ነገ አፄዎቹ የሚጠሩን ይመስለን ነበር፤ እኔ እንኳ ሳልቀር! ከእኛ ማንም አልተጠራም። በ2013 ሻምፒዮን ሲሆኑ ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዞረ ነበር የሚካሄደው፤ ስለዚህ እኛ በዲኤስቲቪ ነው ያየነው። ከማን ጋር አየኸው ካልሽኝ፣ ከዚያው ወንበር ከነበሩት ልጆች ጋር። ያ በረኛም አጠገቤ ነበር፤ ጣቱ እስከ ዛሬ ቀጥ አይልም።

ለአባትሽ እንዲህ በይልኝ፤ ቴሌቪዥን የሚያይ ልጅ ሲቀር ቤቱ መጥቶ የሚጠይቀው የለም።


10 ቁጥር፦

በረኛው እውነቱን ጽፏል። እኔ ደግሞ በሌላው በኩል የነበርኩ ነኝ።

ትምህርት ቤት እያለሁ ኮከብ የምባለው እኔ ነበርኩ። ሰፈር ስሄድ ሻይ በነፃ። ከእኔ የሚበልጡ ልጆች «አንተ ልጅ እግርህን ጠብቅ» ይሉኛል። የቤት ሥራ ባልሠራ የሚቆጣኝ የለም፤ «ነገ ጨዋታ አለበት» ይባላል። አንድ ክለብ ለሙከራ ጠራኝ። ጥሩ የተጫወትኩ መሰለኝ። «እንደውልልሃለን» አሉ። ስልኬን ሽንት ቤት ይዤው የምገባበት ጊዜ ነበር። የሚደውል የለም።

የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነው። ከዘጠና ስድስት ነጥብ ሰባቱ ውስጥ ነበርኩ። ሬሚዲያል ገብቼ ነው እንደምንም የተሻገርኩት። በእኛ ቡድን ቤንች ላይ የነበሩት ሁለቱ ልጆች በቀጥታ አለፉ። መጽሐፋቸውን ሜዳ ድረስ ይዘው ይመጡ ነበር፤ እኔ እስቅባቸው ነበር።

ስለዚህ አባትሽ ልጁ ተቀያሪ በመሆኑ አይጨነቅ። ተቀያሪ ልኩን ያውቃል። መጨነቅ ያለባችሁ የገባ ቀን ሁለት ጎል አግብቶ የመጣ እንደሆን ነው።


ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ እኔ ሒሳብ ነበር የማስተምረው። ስለ ኳሱ ሌሎቹ ብለውታል፤ እኔ ስለ ታኬታው ልናገር።

ለጎንደር ሜዳ ጥርሱ ረጅም የሆነ ታኬታ አትግዙ። እሱ ለስላሳና ሣር ላለው፣ ለረጠበ ሜዳ ነው። በደረቅ ድንጋያማ መሬት ላይ ጥርሱ አይገባም፤ እግር ይከዳል፣ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። አጭርና ብዙ የጎማ ጥርስ ያለውን ፈልጉ። ሰልባጅም ከሆነ ሶሉን ጠምዘዝ አድርገሽ እዪው፤ ስንጥቅ ካለው ተዪው። ገና ያድጋል ብላችሁ ሰፊ አትግዙለት፤ እግሩ ውስጡ እየተንሸራተተ ይላጣል።

ወለም ካለው በዚያው ቀን አስጨንቃችሁ አታሳሹት። ቀዝቃዛ ነገር ይደረግለት፣ እግሩን ከፍ ያድርግ፣ ይረፍ። ቆሞ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱን ሲነኩት የሚያመው ከሆነ ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ይነሳ። ወጌሻ የሚከበር ሙያ ነው፤ የተሰበረ አጥንት ግን በመታሸት አይታወቅም። በአስተማሪነት ዘመኔ «ወለምታ ነው» ተብሎ ሲታሽ ከርሞ ስብራት የሆነ ልጅ አይቻለሁ።

ለአባትሽም፣ ሰዓቱን በግልጽ አስማሙ። የቤት ሥራ ከልምምድ በፊት፤ ከልምምድ በኋላ ልጅ ራት በልቶ ይተኛል እንጂ አያጠናም። ይሄን ከማንም በላይ አውቃለሁ።


ሜዳ ያጣች፦

ሁላችሁም ስለ ወንበር ትጽፋላችሁ። ወንበር ያለው ሰው ቡድን አለው ማለት ነው!

በእኛ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን የሚሰበሰበው ውድድር ሲደርስ ነበር። ከየክፍሉ «ማን ሮጣ ታውቃለች?» ተብሎ ይለቀማል። የወንዶቹን ማልያ እንለብሳለን፤ ቁምጣው በክር ይታሰራል። ውድድሩ ሲያልቅ ማልያው ይመለሳል፣ እኛም እንበተናለን። ልምምድ የሚባል ነገር አላውቅም። ሜዳው የወንዶቹ ነው፤ እኛ ከወረድን «ኳሱን ታበላሹታላችሁ» ይሉናል። ኳስ እንዴት እንደሚበላሽ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሆኖም የዚያች ውድድር ሰሞን የተዋወቅኋቸው ሁለት ልጆች ሚዜዎቼ ሆነዋል። ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ የተጫወተችውን ሎዛ አበራን ሳይ ደስ ይለኛል፣ ትንሽም ያናድደኛል። እሷ ላይ አይደለም።

የማራኪ ልጅ፣ አንቺስ ኳስ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ? ስለ ወንድምሽ ብቻ ነው የጻፍሽው።


የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)፦

እናንተ ሰዎች፣ አመሰግናለሁ። ይሄን ያህል አልጠበቅኩም።

ሜዳ ያጣች፦ ጥያቄሽ ያዘኝ። በግቢያችን ከወንድሞቼ ጋር እጫወት ነበር፤ በረኛ ነበርኩ። ጡት ሳወጣ እናቴ «በቃ» አለችኝ። በዚያው ቀረ። ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ እኔም ረስቼው ነበር።

የበረኛውን መልስ ማታ ራት ላይ ለአባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማ። ማልያ የሚቀያየሩበት ጋ ስደርስ ጉርሻውን ይዞ ቆመ። ጨርሼ ምን ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ «ለሴትዮዋ የብቅሉን ማን ከፈላቸው?» አይለኝም!

ወንድሜ ደግሞ ከጎን ሆኖ «እኔ ጋ ድንጋይ መልቀም ብቻ አይደለም፣ ውሃም የምቀዳው እኔ ነኝ» አለ። እስከ ዛሬ ነግሮን አያውቅም።


ሁለተኛው በረኛ፦

አባትሽ ነጋዴ ነው አይደል? ገባኝ።

ብቅሉን በገንዘብ ማንም አልከፈለም። ለትንሣኤ ሰሞን ጠላ ሲጠምቁ ቡድኑ በሙሉ ውሃ አመላልሶላቸዋል፤ ዳገቱን በጄሪካን። ሐሳቡን ያመጣው አምበላችን ነው። እሱ እንኳን ጠላ አይጠጣም። ሒሳባችን ተዘግቷል በይልኝ።

አባትሽ አንድ ቀን ሜዳ ይውረድ። ጨዋታ ቀን ሳይሆን ልምምድ ቀን። ጨዋታ ቀን ልጁ ሲቀመጥ ነው የሚያየው፤ ልምምድ ቀን ግን ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲቆጣ፣ ትንሹን ልጅ ሲያስተምር ያየዋል። የእኔ አባት አንድም ቀን አልመጣም፤ ቅር ብሎኛል ብዬ አላወራም፣ ግን ሌሎች አባቶች ሲመጡ የማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ ስማቸውን አልረሳሁም። ጃኬት ይያዝ፣ ከ11 በኋላ ነፋስ አለ።


የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)፦

ማክሰኞ ይሄዳል። «ለማየት ነው እንጂ ልግዛ አላልኩም» ብሏል። እንግዲህ እኛ ቤት ይሄ እሺ ማለት ነው።

እስከዚያው፣ 41 ቁጥር ታኬታ ያለውና የማይጠቀምበት ሰው አለ? መምህር እንዳሉት አጭር ጥርስ። ሶሉን ጠምዝዤ ነው የምቀበለው።


ባጃጅ 18፦

42 አለኝ፤ ሰፊ አትግዙ ተብሏል ግን ወፍራም ካልሲ ይልበስበት። ሶሉ ደህና ነው፣ ማሰሪያው ብቻ የለም። ነገ በማራኪ ሳልፍ ልጣልልሽ፤ ገንዘብ አልፈልግም። የጫቱንም ነገር እርሱት፣ እንዲሁ ነው የተናገርኩት።